በመፈራረሚያው ቀን «ዋጋ ቀንስልኝ» ስለሚል ገዢ

ምስጋና ሁሉ ንግድን ሐላል ላደረገልን፣ ግፍን ለከለከለን ለአላህ ይገባው። እዝነትና ሰላም ታማኙ ተብለው በተጠሩት በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሜ ሆይ፣ የሰው ሃይማኖት ከሚፈተንባቸው ስፍራዎች አንዱ ገበያ መኾኑን ዕወቅ። አንድ ነጋዴ አምስቱን ሰላቱን የሚጠብቅ፣ ዘካውን ቈጥሮ የሚሰጥ፣ ከሰው ኪስ አንዲት ሳንቲም ብትወድቅ አንሥቶ የሚመልስ ኾኖ ሳለ፣ ቤት በሚገዛበት ጊዜ ግን ከግፍ የማይቈጥራትን አንዲት ሥራ ይሠራል። ይኸውም ከባለቤቱ ጋር በዋጋ ተስማምቶ ከተለያየ በኋላ ዝም ብሎ ይቈይና፣ ሻጩ እምቢ ለማለት በማይችልበት በመጨረሻው ሰዓት «ከዋጋው ቀንስልኝ፤ አለዚያ ትቼዋለሁ» ይላል። ይህንንም ብልኅነት ይለዋል። በዚች ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ገንዘብ በአላህ ዘንድ ምን ይባላል? ሁለተኛው፣ ይህ የደረሰበት ሻጭ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ነገሩ ግልጽ እንዲኾን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት በአዲስ አበባ የሚገኘውን የራሷን ቤት በ6,000,000 ብር ለመሸጥ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተስማማች እንበል። ነጋዴው ቤቱን ሦስት ጊዜ ተመልክቶታል፤ ጣራውንም ጓዳውንም አይቷል። በምስክሮች ፊት 50,000 ብር ቀብድ ሰጠ፤ ቀሪውን ስም በሚዛወርበት ቀን ሊከፍል ቃል ገባ። እርስዋም በቃሉ ተማምና ከከተማው ዳር ለምትገኝ ትንሽ ቤት ቀብድ ከፈለች፤ ዕቃዋን አሰረች፤ የልጆቿን ትምህርት ቤት ለወጠች። ቀኑ ደርሶ በውል ማረጋገጫው ቢሮ በር ላይ ሲገናኙ ነጋዴው «500,000 ብር ካልቀነሽልኝ አልፈርምም» አላት። በቤቱ ላይ አዲስ ጉድለት አልተገኘም፤ በነጋዴው ላይም ችግር አልደረሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሴቲቱ መመለሻ የሌላት መኾንዋ ነው። እንግዲህ ያ 500,000 ብር የምን ዋጋ ነው? የቤቱ ዋጋ እንዳይባል ቤቱ ያው ነው። የጭንቀትዋ ዋጋ ነው።

ምናልባት «ዋጋ መከራከር በሸሪዓ የተፈቀደ አይደለምን?» ትል ይኾናል። አዎን፣ የተፈቀደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከጃቢር ኢብን ዐብዱላህ ግመል ገዝተዋል። ከዘመቻ ሲመለሱ የጃቢር ግመል ደክሞ ነበርና «ሽጥልኝ» አሉት፤ ጃቢርም በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ በዋጋው ተስማሙ፤ እስከ መዲና ድረስም ሊቀመጥበት ውለታ አስገባ። መዲና በደረሱ ጊዜ ነቢዩ ቢላልን ዋጋውን መዝኖ እንዲከፍለውና እንዲጨምርለት አዘዙት፤ ከዚያም ግመሉን ከነዋጋው ለጃቢር መለሱለት። ቡኻሪና ሙስሊም ይህን ዘግበዋል። እንግዲህ አስተውል፤ ክርክሩ የነበረው ከስምምነቱ በፊት ነው። በክፍያው ቀን የታየው መጨመር ነው፤ መቀነስ አልነበረም። ጃቢር በዚያን ቀን ከጌታው ነቢይ ፊት የቆመ አንድ ወጣት ነበረ፤ ቀንስ ቢባል አፉን ሞልቶ እምቢ ለማለት ባልቻለም ነበር። ነገር ግን ኀይል ያለው ወገን ኀይሉን ለማስቀነሻ አልተጠቀመበትም።

የስምምነት ወሰኑም የታወቀ ነው። ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ምርጫ እንዳላቸው ከነቢዩ ተላልፏል። ሻፊዒይና አሕመድ መለያየት ማለት በአካል ከተቀመጡበት ስፍራ መለያየት ነው ሲሉ፣ አቡ ሐኒፋና ማሊክ ግን በቃል መስጠትና መቀበል ነገሩ ይጸናል ብለዋል። በዚህ ቢለያዩም ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሽያጩ ከጸና በኋላ፣ ቀድሞ የተቀመጠ የምርጫ ውለታ ወይም ተሰውሮ የቆየ ጉድለት ከሌለ በቀር፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ዋጋውን ሊለውጥ አይችልም። ዐረቦች ንግድን «ሶፍቃ» የሚሉት እጅ ለእጅ ከመመታታት አንሥተው ነው፤ በእኛም አገር ሻጭና ገዢ እጅ የሚማቱት ለዚሁ ነው። እጅ የተማታ ሰው ቃሉን በወዳጁ መዳፍ ላይ አኑሯል።

ምናልባትም ገዢው «ገና ተስፋ ብቻ ነው የሰጠሁት፤ ፊርማዬን አላኖርሁም፤ ስለዚህ ነጻ ነኝ» ይል ይኾናል። ለዚህ ሰው የምንመልሰው፣ ሕግ የማይቀጣው ነገር ሁሉ ሐላል አይደለም ብለን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የቤት ዋጋ በቃል ቢቈረጥም፣ የውሉ ጽሑፍ በሁለቱ ወገኖች መካከል እስኪለዋወጥ ድረስ ማንንም አያስገድድም። ስለዚህም አንዳንድ ገዢዎች እስከ ዋዜማው ድረስ ቈይተው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዳኛ አይከሳቸውም፤ ነገር ግን የአገሩ ሰዎች ድርጊቱን ከመጥላታቸው የተነሣ ለብቻው ስም አውጥተውለታል። ቁርኣን ያልወረደላቸው መስሎ የሚታየን ሰዎች የናቁትን ሥራ፣ በማኢዳህ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ውሎቻችሁን ሙሉ ተብለው የታዘዙት ምእመናን ሊሠሩት ይገባልን? ቃል ሰጥቶ ማፍረስም ነቢዩ ከመናፍቅ ምልክቶች አንዱ አድርገው የቈጠሩት ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ «ገበያው ወደቀ፤ ቤቱ ዛሬ ያን ያህል አያወጣም» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው። ገበያው ወጥቶ ቢኾን ኖሮ በመፈራረሚያው ቀን ለሻጩ ይጨምርለት ነበርን? አይጨምርም፤ ቃላችን ቃል ነው ይል ነበረ። እንግዲህ ትርፉን ለራሱ፣ ኪሣራውን ለባልንጀራው አድርጎ ከፍሏል። አላህ በሙጠፊፊን ምዕራፍ የወቀሳቸው ሰዎች፣ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሰው ሲሰፍሩ የሚያጐድሉ ናቸው። ስፍር ማጉደል በቁናና በሚዛን ብቻ የሚሠራ አይምሰልህ። ቃልን በሁለት መስፈሪያ የሚሰፍር ሰው ከነርሱ ጋር ነው።

ደግሞም «ወድዳ ፈርማለች፤ ማን አስገደዳት?» ይላል። አላህ በኒሳእ ምዕራፍ ገንዘባችንን በመካከላችን በከንቱ እንዳንበላ ከልክሎ፣ የፈቀደልን በመዋደድ የኾነውን ንግድ ነው። የሙስሊም ገንዘብም ነፍሱ ወድዳ የሰጠችው ካልኾነ በቀር ሐላል እንዳልኾነ ከነቢዩ ተላልፏል። ፊርማ የእጅ ሥራ ነው፤ መውደድ የልብ ሥራ ነው። በምድር ያለ ዳኛ ፊርማውን አይቶ ይፈርድ ይኾናል፤ ያዢ የለኝም ብሎ መዛትና በሰይፍ ማስገደድም በሸሪዓ ፍርድ አንድ አይደሉም። እኛም ያን ቤት የተቀማ ቤት ነው አንልም። ነገር ግን በትንሣኤ ቀን የሚፈርደው ጌታ ብዕሩን ሳይኾን ልቡን ይመረምራል። ያች እናት ብዕሩን ስታነሣ በልቧ የነበረውን ያውቃል።

ቀደምቶቻችን በዚህ ነገር እንዴት እንደ ነበሩ አስታውስ። ጀሪር ኢብን ዐብዱላህ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊኾን ለነቢዩ ቃል ኪዳን የገባ ሶሓባ ነው። ሎሌው ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ባለቤቱን ዋጋ ሊቀበል ወደ ጀሪር አመጣው። ጀሪር ፈረሱን ባየ ጊዜ ከዚህ የበለጠ እንደሚያወጣ ዐወቀና ለባለቤቱ እየደጋገመ ጨመረለት፤ በመጨረሻም በ800 ዲርሃም ገዛው። ጦበራኒ ይህን ዘግበዋል። ይህ ከግዴታ በላይ የኾነ በጎነት ነው፤ ከሁላችንም አይጠበቅም። ነገር ግን በክፍያው ቀን የሚጨምር ሰው ከነበረበት ዘመን በክፍያው ቀን የሚቀንስ ሰው ወደሚመሰገንበት ዘመን መውረዳችንን ያሳየናል።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። ወንድሜ ሆይ፣ በመጨረሻው ሰዓት ቀንስልኝ የሚልህ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና ከመቈጣትህ በፊት ለይ። እነርሱ ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ ቀድሞ ያላየውን ጉድለት ያገኘ ሰው ነው። ክረምት ሲገባ የሚያፈስ ጣራ፣ በቀለም የተሸፈነ የግድግዳ ስንጥቅ፣ ከጎረቤት ጋር ያለ የድንበር ክርክር፣ ያልተከፈለ ግብር ወይም ቤቱን የያዘ የባንክ ዕዳ ሊኾን ይችላል። ይህ ሰው መብቱን ጠየቀ እንጂ ግፍ አልሠራም። በሻፊዒይ መዝሀብ ቤቱን ለመመለስ ወይም በዋጋው ለመያዝ ይመርጣል፤ በስምምነትም ሊቀነስለት ይቻላል። በአሕመድ መዝሀብ ቤቱን ይዞ የጉድለቱን ልክ ሊወስድ ይችላል። አንተ ጉድለቱን እያወቅህ ሰውረህ ከነበረ ግን ነውሩ የአንተ ነው። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ቢገልጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ቢዋሹና ቢሰውሩ በረካው እንደሚጠፋ ነቢዩ አስተምረዋል።

ሁለተኛው፣ ከቃሉ በኋላ እውነተኛ ችግር የደረሰበት ሰው ነው። ባንክ ሊያበድረው ተስማምቶ ኋላ የከለከለው፣ ዕቃው በመንገድ የጠፋበት፣ ወይም ቤተ ሰቡ በድንገት የታመመበት ሊኾን ይችላል። አላህ በበቀራህ ምዕራፍ ለተቸገረ ባለ ዕዳ ጊዜ እንድንሰጠው አዞ፣ ብንተውለት ደግሞ ለእኛ የሚበልጥ መኾኑን ነግሮናል። ስለዚህ ለዚህ ሰው ጊዜ ጨምርለት። ካልቻለም ከውሉ በነጻ ልቀቀው፤ የተጸጸተን ሰው ከንግዱ የለቀቀውን አላህ በትንሣኤ ቀን ከስሕተቱ እንደሚለቀው ከነቢዩ ተላልፏልና። ብትቀንስለትም ሰደቃ ነው፤ በነጻ ልብ አድርገው።

ሦስተኛው በምሳሌያችን ያየነው ሰው ነው። ምልክቱም ይህ ነው፤ የሚያቀርበው ምክንያት በተስማማችሁበት ቀን የሚያውቀው ነበረ፤ ወይም ምክንያት አያቀርብም፤ ጥያቄውንም ያንተ መውጫ እስኪዘጋ ድረስ አቈይቶታል። አንዳንድ ጊዜም «ዛሬ ብትለው እምቢ አይልህም» ብሎ የመከረው ደላላ ከኋላው አለ። ያ ደላላ የሁለቱን አማና ተሸክሞ አንዱን ለሌላው የሸጠ ነውና፣ ከአበሉ ጋር የሚደርሰውን ይወቅ።

ለዚህ ለሦስተኛው ሰው የምትመልሰው መልስ አጭርና ለስላሳ ይኹን። አትጩኽ፤ አትሳደብ፤ ስለ ዋጋውም በአላህ ስም አትማል። በምስክሮቹ ፊት «ከተስማማንበት ቀን ወዲህ በቤቱ ላይ ያገኘኸው ጉድለት ምንድር ነው?» ብለህ ጠይቀው። የሚለው ካጣ «ቤቱን በቃላችን ውሰድ፤ ካልኾነም ተለያይተን እንሂድ» በለው። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ይፈርማሉ፤ ዛቻቸው የተሠራው በፍርሃትህ ነበርና። ቢሄድም የሄደው ገዢ እንጂ ሲሳይህ አይደለም። ሲሳይ በአላህ እጅ ነው።

ነገር ግን አማራጭ አጥተህ ብትቀንስለት ኀጢአት የለብህም፤ የተገፋው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱን ምረጥ። ወይ ይቅር በለው፤ ወይ ነገሩን ለአላህ ስጥ። ከፈረምህ በኋላ ግን የበሩን ቍልፍ ነቅለህ፣ የውኃውን መስመር አበላሽተህ፣ አምፖሉን አውርደህ አታስረክብ፤ ግፍ በግፍ አይከፈልም።

የምትሸጠው ቤት የየቲሞች ወይም የወራሾች እንደ ኾነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ወኪል ያልተፈቀደለትን ገንዘብ ሊለቅ አይችልም፤ የየቲም ሞግዚትም ወደ የቲሙ ገንዘብ በሚበጀው መንገድ እንጂ እንዳይቀርብ በቁርኣን ታዟል። ስለዚህ «አፈርሁ፤ ሰውን ላለማስቀየም ቀነስሁ» ብትል ለጋስነትህ ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ ነው። ወራሾቹን ሳትጠይቅ መልስ አትስጥ።

እኛ ሻጮችም ራሳችንን እንመርምር። ከቃል በኋላ የተሻለ ገዢ አገኘሁ ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ የዚሁ ገዢ ወንድም ነው። ነቢዩ ከአንድ የገጠር ዐረብ ፈረስ ገዝተው ዋጋውን ሊከፍሉት ይዘውት ሲሄዱ፣ ሰውየው ወደ ኋላ ቀረ። መሸጡን ያላወቁ ሰዎችም በመንገድ ላይ ዋጋ ይጨምሩለት ጀመር። በዚያን ጊዜ ሽያጩን ካደ፤ ምስክር አምጣ አለ። ኹዘይማ ኢብን ሳቢት መሰከረላቸው፤ ምስክርነቱም እንደ ሁለት ሰው ምስክርነት ተቈጠረለት። እንዲሁም በወንድም ሽያጭ ላይ መሸጥ፣ ወንድም በተስማማበት ዋጋ ላይ ገብቶ መጨመር ተከልክሏል። ገዢው ቃሉን እንዲጠብቅልህ የምትሻ ከኾነ፣ በር አንኳኩቶ ለመጣው ለሁለተኛው ገዢ «ተሽጧል» ማለትን ልመድ።

ከመከራው በፊት መጠንቀቅም ከሃይማኖት ነው። አላህ በዕዳ ስንገበያይ እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም ያዘዘው ያለ ጥቅም አይደለም። የክፍያውን ቀን፣ የሚታየውን ጉድለት፣ የሚያፈርስ ሰው የሚደርስበትን ሁሉ ጻፍ። ዋጋውን እንደ ተስማማችሁት በእውነት ጻፍ፤ ግብር ለማሳነስ ብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ የሚያጽፍ ሰው ለገዢው የራሱን ጩቤ ሰጥቶታል። ገዢው ቤቱን ከቃሉ በፊት ከባለሙያ ጋር እንዲያየው አድርግ። ገንዘቡም እጅህ ሳይገባ፣ የምትችል እንደ ኾነ፣ በሌላ ቤት ራስህን አትሰር።

ስለ ቀብድ ደግሞ ይህን ዕወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በአንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንዲያጣ፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይደነግጋል። እንግዲህ ሕጉ ለገዢው የሚከፈልበት መውጫ በር ሰጠው እንጂ የሣጥንህን ቍልፍ አልሰጠውም። በምሳሌያችን 500,000 የጠየቀው ሰው ቢሄድ የሚያጣው 50,000 ብቻ ነበርና ዛቻው ቀለለው። ቀብዱ 600,000 ቢኾን ኖሮ መሄዱ ከሚጠይቀው በበለጠ ይጐዳው ነበር።

የሸሪዓ ሊቃውንት ግን በቀረ ቀብድ ተለያይተዋል። አቡ ሐኒፋ፣ ማሊክና ሻፊዒይ ሻጩ እንዳይወስደው ሲከለክሉ፣ አሕመድ ኢብን ሐንበል ፈቅደዋል። ከማስረጃዎቻቸውም አንዱ የቤት ግዢ ነው። የዑመር ሹም ናፊዕ ኢብን ዐብዱል ሐሪስ በመካ ለእስር ቤት የሚኾን ቤት ከሶፍዋን ኢብን ኡመያ ሲገዛ፣ ዑመር ባይስማሙ ለሶፍዋን 400 እንዲሰጠው ተዋውሏል። በ1985 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993) በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ ቀብድን ፈቅዷል። ስለዚህ በአገርህ ያለውን ዓሊም ጠይቀህ ሥራ። የሚጠነቀቅ ሰው ግን ከቀረው ቀብድ በእውነት የደረሰበትን ጉዳት ያህል ይዞ ትርፉን ይመልሳል።

በመጨረሻም ቃላችን ይህን ሥራ አስቀድሞ ለሠራው ገዢ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ዛሬ በዚያ ቤት ትኖር ይኾናል፤ ልጆችህ በጓዳው ይጫወታሉ፤ አንተም በሳሎኑ ትሰግዳለህ። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ በምላስ ብቻ አይፈጸምም። ሻጩ ያለበትን ታውቃለህ፤ የስልኩ ቍጥርም ሳይኖርህ አይቀርም። ሄደህ ያስቀነስኸውን መልስ፤ ባይኖርህ ቀስ በቀስ ለመክፈል ተስማማ፤ ወይም ምንም በማትይዝበት ሰዓት፣ እምቢ ለማለት በሚችልበት ሰዓት፣ «ሐላል በለኝ» ብለህ ለምነው። ያን ቀን ፊርማውን የወሰድኸው በጭንቀቱ ነበር፤ አሁን ይቅርታውን በነጻነቱ ውሰድ። ብር የሚከፈልበት ቀን ዛሬ ነው፤ በዚያኛው ቀን ዕዳ የሚከፈለው በመልካም ሥራ ነውና።

አላህ ሆይ፣ ስንሸጥ፣ ስንገዛና የሚገባንን ስንጠይቅ ገሮች አድርገን። ለሰው የሰጠነውን ቃል እንድንሞላ እርዳን። የመበለቶችንና የየቲሞችን ገንዘብ ከእጃችን ጠብቅ፤ ቤቶቻችንንም በሐላል የተገነቡ፣ በሐላል የተገዙ አድርግልን። አሚን።